የእሳተ ገሞራ ደሴት ጉዞ ሲታቀድ፦ ሃዋይ፣ ሬዩንዮን፣ አይስላንድ ወይስ ስትሮምቦሊ?

ወደ እሳተ ገሞራ ደሴት የብዙ ቀናት ጉዞ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በቆይታው ጊዜ እሳቱ ባይታይ ደሴቲቱ ለድካሙና ለወጪው ትበቃዋለች ወይ የሚለው ነው። ቅልጥ ዓለት (ላቫ) ሲፈስ በዓይን ማየት መመኘት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ገሞራው የሚነቃበት ቀን ከአውሮፕላን ትኬቱ ቀን ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ቢገጥምም ደመና፣ ነፋስ፣ መርዛማ ጋዝ ወይም የባለሥልጣናት ክልከላ በመካከል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የሃዋይ ትልቋን ደሴት፣ በሕንድ ውቅያኖስ ያለችውን ሬዩንዮን፣ በሰሜን አትላንቲክ ያለችውን አይስላንድና የጣሊያኗን ስትሮምቦሊ የማነጻጽረው በእሳታቸው ብርታት ብቻ አይደለም። የሚጠይቁትን የቀን ብዛት፣ የአየር ጠባያቸውን፣ የሚፈልጉትን የእግር ጉልበትና እሳቱ ሲቀር የሚተርፈውን ነገር አብሬ እመለከታለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሃዋይ፦ ሳይደክሙ ለማየት

ከአራቱ መካከል ንቁ ገሞራን በትንሽ ድካም ለማየት የምትመቸው የሃዋይ ትልቋ ደሴት ናት። 10,430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ይህች ደሴት በአምስት እሳተ ገሞራዎች የተገነባች ስትሆን፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኪላዌያ በዓለም ላይ እጅግ ንቁ ከሚባሉት ይቆጠራል። ኪላዌያ ሹል ጫፍ ያለው ተራራ አይደለም፤ ከፍታው 1,247 ሜትር ብቻ የሆነ፣ ቀስ እያለ የሚወጣ ሰፊ ጉብታ ስለሆነ እስከ ገሞራው አፍ ጠርዝ ድረስ በአስፋልት መንገድ ይደረሳል። በሌሎች ደሴቶች የግማሽ ቀን ዳገት የሚያስወጣው እይታ እዚህ ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት በእግር ከተሄደ በኋላ ይገኛል። አረጋውያንን ወይም ሕፃናትን ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ይህ ልዩነት ብቻውን ውሳኔውን ሊያስቆርጥ ይችላል።

ዲሴምበር 23 ቀን 2024 የጀመረው የኪላዌያ ፍንዳታ ለዕቅድ አውጪ ብዙ የሚያስተምር ጠባይ አሳይቷል። ላቫው ለሰዓታት ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከ300 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ በድንገት ይቆምና ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ጸጥ ይላል። እንዲህ ባለው ወቅት ሁለት ቀን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው በጸጥታው መካከል የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ሲሆን፣ ሙሉ ሳምንት ያለው ግን የተሻለ ተስፋ አለው። ደግነቱ በ1912 የተመሠረተው የሃዋይ እሳተ ገሞራ ምርምር ጣቢያ የመሬቱን ማበጥና መሟሸሽ በመሣሪያ እየተከታተለ መግለጫ ያወጣል፤ ቀጣዩ ፍንዳታ የሚጠበቅባቸውን ቀናትም አስቀድሞ ይገምታል። ይህን መግለጫ በየጠዋቱ ሳያነቡ የቀኑን ፕሮግራም መወሰን ተገቢ አይመስለኝም።

የሃዋይን ጉዞ ከምንም በላይ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም የማደሪያ ምርጫ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው የማያቋርጥ ነፋስ እርጥበቱን በምሥራቁ ተዳፋት ላይ ስለሚያራግፍ፣ በዚያ ዳርቻ ያለችው የሂሎ ከተማ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በምዕራብ ያለው የኮና ዳርቻ ግን በታላላቆቹ ተራሮች ስለተጋረደ ደረቅና ፀሐያማ ነው፤ ትልልቆቹ ሆቴሎችና ለዋና የሚመቹት የባሕር ዳርቻዎችም በዚያው በኩል ይበዛሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ቆይታውን በሙሉ ኮና ላይ ይይዝና ገሞራውን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለማየት ያቅዳል። ሆኖም ከኮና ኪላዌያ እስካለበት ብሔራዊ ፓርክ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መንገዱ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ከሂሎ ግን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። የላቫው ብርሃን በሙሉ ውበቱ የሚታየው ሲመሽ ወይም ከንጋት በፊት ስለሆነ፣ ከኮና የመጣ መንገደኛ ወይ ዋናውን ነገር ሳያይ ይመለሳል፣ ወይ ደክሞት በጨለማ ረጅም መንገድ ይነዳል።

ስለዚህ የምመክረው ቆይታውን መክፈል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ሂሎ ወይም ከፓርኩ በር አጠገብ ባለችው የቮልኬኖ መንደር አድሮ፣ የቀሩትን ኮና ላይ ማሳለፍ ይሻላል። ደሴቲቱ በሁለቱም ዳርቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስላላት በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን መኪና አከራዮች መኪናውን በሌላ ቦታ ለመመለስ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቁ ስለሚችሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቮልኬኖ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ለባሕር ዳርቻ ብቻ የሚሆን ልብስ ይዞ የመጣ ሰው እዚያ ይቸገራል። ፓርኩ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ስለሆነ በመንደሯ ያደረ ሰው ጎብኚ ሳይበዛ፣ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ጠርዙ መድረስ ይችላል።

እሳቱ ባይታይ እንኳ ኪላዌያ ኢኪ የተባለው የእግር መንገድ ለጉዞው ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ መንገድ በረጃጅም ፈርኖች መካከል እየተጠማዘዘ ይወርድና በ1959 የላቫ ሐይቅ በነበረው ወለል ላይ ያወጣል። ወለሉ ረግቶ ጠቁሯል፤ በመካከሉ የሚያልፉት እግረኞች ከላይ ሲታዩ ነጠብጣብ ያህላሉ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ከስንጥቆቹ ሞቅ ያለ እንፋሎት ይወጣል፤ በእነዚያው ስንጥቆች ውስጥ ኦሂያ የተባለው ዛፍ ቀይ አበባውን ይዞ ይበቅላል። ሕይወት ባዶ ዓለት ላይ እንዴት እንደምትጀምር በዚህ ያህል ቅርበት የሚታይበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ከፍታ ለሚወዱ 4,207 ሜትር የሚደርሰው ማውና ኬያ አለ፤ ነገር ግን ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ እዚያ መድረስ ለሰውነት ከባድ ስለሆነ፣ 2,800 ሜትር ላይ ባለው የጎብኚዎች ማዕከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማረፍ ይገባል። ከማዕከሉ በላይ ያለው መንገድ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ይጠይቃል። በአየር ሲሊንደር ወደ ባሕር ውስጥ የጠለቀ ሰው ደግሞ 24 ሰዓት ሳይሞላው ወደዚህ ተራራ መውጣት የለበትም፤ ኮና ላይ ጠልቆ በማግሥቱ ማለዳ ተራራ የሚያስወጣ ፕሮግራም ይህን ስለሚጥስ አደገኛ ነው።

ሬዩንዮን፦ ለእግረኛ

ከእነዚህ ደሴቶች አንዷን ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ፣ ጤናማ ጉልበት ላለውና ስምንት ወይም አሥር ቀን ለሚያገኝ ሰው የምመርጥለት ሬዩንዮንን ነው። ምክንያቴም በመግቢያው ላነሣሁት ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ የምትሰጠው እርሷ በመሆኗ ነው። 2,512 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ይህች የፈረንሳይ ግዛት ሁለት ገሞራዎች አሏት። 3,071 ሜትር ከፍታ ያለው ፒቶን ዴ ኔዥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ያልፈነዳ ሲሆን፣ 2,632 ሜትር የሚደርሰው ፒቶን ዴ ላ ፉርኔዝ ግን በጣም ንቁ ነው። በአንዳንድ ዓመታት ከአንድ ጊዜ በላይ ይፈነዳል፤ ከ1992 እስከ 1998 እንደታየው ደግሞ ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል።

እዚህ ላይ ከሃዋይ ጋር ያለው ትልቅ ልዩነት ይታያል። የፉርኔዝ አናት የሚገኘው አንክሎ ፉኬ በተባለ፣ በገደል በተከበበ ሰፊ ሜዳ ውስጥ ነው፤ የምርምር ጣቢያው ፍንዳታ መቃረቡን ሲያስታውቅ ወደዚያ የሚያስገባው በር ይዘጋል። በሌላ አነጋገር፣ ገሞራው ዝም ሲል እስከ አፉ ድረስ በእግር ይኬዳል፤ ሲነቃ ደግሞ የሚታየው ከሩቅ፣ ከገደሉ ጠርዝ ወይም ላቫው ወደዚያ ከደረሰ ከባሕር ዳርቻው መንገድ ነው። ስለዚህ ተጓዡ ሁለቱንም ዕቅዶች አስቀድሞ በእጁ ሊይዝ ይገባል።

ዝምታው ላይ የሚደርስ ሰው ምንም አይቅርበት። መንገዱ ፕሌን ዴ ሳብል የተባለውን ቀይና ጥቁር የአመድ ሜዳ አቋርጦ 2,311 ሜትር ላይ ወዳለው ፓ ደ ቤልኮምብ ያደርሳል። ከዚያ ገደሉን በደረጃ ተወርዶ ፎርሚካ ሌዮ የተባለችውን ትንሽ ቀይ ጉብታ በማለፍ፣ በዓለቱ ላይ የተቀቡትን ነጫጭ ምልክቶች እየተከተሉ ወደ ዶሎሚዩ ጉድጓድ ጠርዝ ይወጣል። የዚህ ጉድጓድ ወለል በኤፕሪል 2007 በተደረገው ታላቅ ፍንዳታ ወቅት ከ300 ሜትር በላይ ሰምጧል። ደርሶ መልሱ ከአምስት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል። መንገዱ ላይ ጥላም ውኃም የለም፤ ጭጋግ ሲወርድ ነጮቹ ምልክቶች ይጠፋሉና መንገድ መሳት ቀላል ነው። ረፋዱ ላይ ደመናው ስለሚመጣ ጎህ ሳይቀድ መነሣት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከባሕር ዳርቻ ሌሊት ከመንዳት ከገሞራው አቅራቢያ ባሉት ደጋማ ቦታዎች ማደር ይመረጣል።

የሬዩንዮን ሁለተኛው ሀብት በፒቶን ዴ ኔዥ ዙሪያ ያሉት ሳላዚ፣ ሲላኦስና ማፋት የተባሉት ሦስት ሰፋፊ ገደላማ ሸለቆዎች ናቸው። ማፋት ውስጥ የመኪና መንገድ ጨርሶ የለም፤ ነዋሪዎቹ የሚገቡትና የሚወጡት በእግር ነው፣ ዕቃ የሚደርሳቸውም በሄሊኮፕተር ነው። እነዚህ ተራሮችና ሸለቆዎች በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ፒቶን ዴ ኔዥን የሚዞረው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መንገድ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ሲወስድ፣ ማታ ማታ በእግረኛ ማረፊያ ቤቶች ይታደራል። ማረፊያዎቹ ጥቂት አልጋ ስላላቸውና ቀድመው ስለሚያዙ፣ የዚህ ጉዞ ዕቅድ መጀመር ያለበት ከአውሮፕላን ትኬት ሳይሆን ከማረፊያ አልጋ ነው። ሙሉውን ዙር ለመሄድ አቅሙ ወይም ጊዜው የሌለው ሰው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ማፋት ውስጥ ማደር ይችላል፤ ያም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

ወቅቱን በተመለከተ ሬዩንዮን አትምርም። ከዲሴምበር እስከ ማርች ያሉት ወራት የአውሎ ነፋስና የከባድ ዝናብ ወራት ናቸው፤ ደሴቲቱ በአጭር ጊዜ በወረደ ዝናብ መጠን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘች ናት። በጃንዋሪ 1966 በ24 ሰዓት ውስጥ 1,825 ሚሊ ሜትር፣ በፌብሩዋሪ 2007 ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ 3,929 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዶባታል። የእግር ጉዞ ከሜይ እስከ ኖቬምበር ባለው ደረቅ ወቅት ሊደረግ ይገባል። በባሕሩም ቢሆን በሻርክ አደጋ ምክንያት መዋኘት የሚፈቀደው በኮራል በታጠረው ረጋ ያለ ውኃና በተከለሉ ቦታዎች ብቻ ስለሆነ፣ ዋና ዓላማው ባሕር ለሆነ ሰው ሃዋይ ትሻላለች።

አይስላንድ፦ ስፋቷ የሚያታልል

103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለው የአይስላንድ ምድር ከሌሎቹ ሦስት ደሴቶች ጋር በስፋት አይወዳደርም፤ የዕቅድ ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ደሴቲቱን የሚዞረው ዋና መንገድ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ስላለው፣ በአምስት ቀን ልዙር የሚል ሰው አብዛኛውን ሰዓት መሪ ጨብጦ ያሳልፋል። አምስት ቀን ያለው በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ቢወሰን፣ ዙሩን የሚፈልግ ደግሞ ከስምንት እስከ አሥር ቀን ቢይዝ ይሻላል።

እሳቱን በተመለከተ፣ ከዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም የማይርቀው የሬይክያኔስ ልሳነ ምድር ከማርች 2021 ጀምሮ በተደጋጋሚ ፈንድቷል። የ2021ዱ ፍንዳታ ለስድስት ወር ገደማ በመቆየቱ ብዙ ሰው በእግሩ ሄዶ አይቶታል፤ ከዲሴምበር 2023 በኋላ የመጡት ግን አጫጭርና ለመኖሪያ አካባቢ የቀረቡ ነበሩ። የግሪንዳቪክ ከተማ 3,800 ገደማ ነዋሪዎች በኖቬምበር 2023 ቤታቸውን ጥለው እንዲወጡ ተደርጓል። የሰው ቤት የወደመበትን ፍንዳታ እንደ ትርዒት ቆጥሮ የተዘጋ መንገድ አልፎ ለመግባት መሞከር ነውር ነው፤ አዲስ ላቫ ላይ መርገጥም ቅርፊቱ ስስ ሊሆን ስለሚችል ለሕይወት ያሰጋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ በጁን ወር እዚያ ሌሊቱ ስለማይጨልም የላቫው ፍካት ይደበዝዛል፤ በዲሴምበር ደግሞ የቀን ብርሃን ከአራት ወይም ከአምስት ሰዓት አይበልጥም። ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ሁለቱን ያስታርቃሉ።

በአይስላንድ ውስጥ ልዩ ትኩረት ይገባታል የምለው ሄይማኤይ ለተባለችው ትንሽ ደሴት ነው። ጃንዋሪ 23 ቀን 1973 ሌሊት ከመኖሪያ ቤቶቹ አጠገብ መሬቱ ተሰንጥቆ እሳት ወጣ፤ ከአምስት ሺህ በላይ የሚሆኑት ነዋሪዎችም በጀልባ ወደ ዋናው ምድር ተወሰዱ። ላቫው የወደቡን መግቢያ እንዳይዘጋ የባሕር ውኃ በፓምፕ እየተረጨ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ፤ ወደቡም ተረፈ። ያኔ የተፈጠረው ኤልድፌል የተባለው ጉብታ ዛሬ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በእግር ይወጣል። በሞቃቱ ወቅት ከደቡብ ዳርቻ ጀልባው 40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚፈጅ፣ ሁለት ሌሊት ለዚህች ደሴት መስጠት ዋናውን መንገድ በችኮላ ከመዞር የበለጠ ያስተምራል።

መኪና ለሚከራይ፦ ወደ መሀል አገር የሚገቡት የተራራ መንገዶች የሚከፈቱት በሞቃቱ ወቅት ብቻ ነው፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪናም ግዴታ ነው። ወንዝ ሲሻገሩ በውኃ የሚደርስን ጉዳት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። በሩን ሲከፍቱ በእጅ አጥብቆ መያዝም ያስፈልጋል፤ ነፋሱ የመኪና በር ይገነጥላል። በእግር መሄድ ለሚመርጥ ከላንድማናሎጋር እስከ ቶርስሞርክ ያለው 55 ኪሎ ሜትር መንገድ በአራት ቀን ይጠናቀቃል።

ስትሮምቦሊ፦ ለአጭር ጊዜ

ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ላለው ሰው ስትሮምቦሊ ተገቢ ምርጫ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 924 ሜትር የሚደርሰው ይህ ገሞራ ለብዙ መቶ ዓመታት በየጥቂት ደቂቃው እየፈነዳ የኖረ በመሆኑ፣ እሳት የማየት ዕድል ከፍተኛ ነው። ይሁንና በጁላይና በኦገስት 2019 ድንገተኛ ታላላቅ ፍንዳታዎች ደርሰው አንድ ተራራ ወጪ ከሞተ ወዲህ፣ እንደ ቀድሞው እስከ ጫፉ መውጣት ቀርቷል። የሚፈቀደው ከፍታ እንደ ገሞራው ጠባይ ስለሚለዋወጥ፣ ከፍ ያለውን መንገድ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ብቻ መሄድ ይገባል። አመሻሹ ላይ በጀልባ ሆኖ የጋሉት ድንጋዮች ሻራ ዴል ፉኦኮ በተባለው ጥቁር ተዳፋት ወደ ባሕር ሲንከባለሉ ማየት ለብዙ ሰው ከዳገቱ የተሻለ አማራጭ ነው። ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባዎች ስለሚሰረዙ ከደሴቲቱ የሚወጡበት ቀን ከአውሮፕላኑ ቀን ቢያንስ በአንድ ቀን መቅደም አለበት።

ቪዛ፣ ጤናና የቅደም ተከተል ነገር

ቪዛ ለሚያስፈልገው ተጓዥ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አይስላንድና ጣሊያን በሸንገን ቪዛ ይገባባቸዋል። ሬዩንዮን የፈረንሳይ ግዛት ብትሆንም ከሸንገን ክልል ውጭ ስለሆነች ተራ የሸንገን ቪዛ አይበቃም፤ ቪዛው ለዚያች ግዛት የሚያገለግል ሆኖ እንዲሰጥ በማመልከቻው ላይ መገለጽ አለበት። ለሃዋይ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮው ሊዘገይ ስለሚችልም ከሌሎቹ ቀደም ብሎ መጀመር ይገባል።

ከገሞራ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አስም ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት አደገኛ ነው። በሃዋይ ነፋሱ ጋዙን ወደ ምዕራብ ስለሚወስደው ኮና ሩቅ ናት ብሎ መዘናጋት አይቻልም። አስም ያለበት ሰው ንቁ ፍንዳታ ካለበት ይልቅ ሬዩንዮንን በዝምታዋ ጊዜ ቢመርጥ ይሻለዋል። በላቫ ላይ ለሚሄድ ሁሉ ወፍራም ሶል ያለው ጫማና ጓንት ያስፈልጋል፤ አዲስ የረጋ ላቫ እንደ መስታወት ስለታም ስለሆነ፣ ተደናቅፎ በእጁ የተደገፈ ሰው መዳፉ ይቆረጣል።

ደሴቲቱ ከተመረጠች በኋላ በመጀመሪያ የሚያዘው ቁጥሩ ውስን የሆነው ነገር ነው፤ ይኸውም በሬዩንዮንና በአይስላንድ የተራራ ማረፊያ አልጋ፣ በሃዋይ ከፓርኩ አጠገብ ያለ ማደሪያ ነው። ለስትሮምቦሊ የመመለሻው ጀልባ ሰዓት መጀመሪያ ይረጋገጥና የአውሮፕላን ትኬቱ ከዚያ ጋር ይገጣጠማል። የገሞራው ቀን በቆይታው መጀመሪያ ላይ ይመደብ፤ ደመና ወይም ክልከላ ቢያጋጥም ወደ ሌላ ቀን ለማዛወር ቦታ ይኖራል፣ የባሕሩና የከተማው ፕሮግራም ግን ለመጨረሻ ቢቀር የሚጎዳው ነገር የለም። ከየአምስቱ ቀን አንዱ ምንም ሳይያዝበት ይተው። ሊሰረዝ የሚችል የማደሪያ ውል በትንሹ ቢወደድም ይመረጥ፤ ገሞራው በደሴቲቱ ሌላ ጫፍ ቢነቃ ዕቃን ጠቅልሎ ወደዚያ መሄድ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው።